ጨርሰዋል

መስከረም 8

ለአይጧ፣

በዚያ ብርድ አገር እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ጉልበትሽ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ምስጋና ለፈጣሪ ከጆሮዬ በቀር ሁሉ ነገሬ ይሠራል። የአክስትሽም ልቧና ሳንባዋ የልጅ ነው ብሎኛል ሐኪሙ። የጎደለው ያው የምታውቂው ነው።

ለምን አይደውሉልኝም ብለሽ በልብስ አጣቢዋ በኩል መቆጣትሽ ደርሶኛል። ልጄ፣ እኔ ስልክ ሳነሳ የሚሰማኝ ውሃ በቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ የሚያሰማው ሹሹታ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ሠላሳ አምስት ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሳነብ ጠግቤዋለሁ። ደብዳቤ ይሻለኛል። ደብዳቤን «ምን አልክ?» እያሉ አያስደግሙትም።

አሁን የምጽፍልሽ በምክንያት ነው። አክስትሽ መብላት እየተወች ነው። ስድስት ሰባት ማንኪያ ትቀበለኝና ከንፈሯን ሳየው «ጨርሰዋል» ትላለች። ስለ ራሷ እኮ ነው! አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ስልክ ስታገናኝ ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ አንድ ኬክ ያላስቆረሱላት ሴት፣ ዛሬ ራሷን አንቱ ማለት ጀመረች። መጀመሪያ ከት ብዬ ሳቅኩ፤ ሹመት መጥቶላታል ብዬ። «እሺ እመቤቴ፣ ከጨረሱ ይነሳልዎ» እያልኩ ሳህኑን ሳነሳ ከረምኩ። አሁን ሳቁ ጠፍቷል። ባለፈው ወር አርባ ስድስት ኪሎ ነበረች፤ ዛሬ አርባ ሦስት ተኩል ናት።

ሐኪሙ ደግ ወጣት ነው። ጆሮዬን ስላወቀ የሚለውን ሁሉ በወረቀት ይጽፍልኛል። «ጥር 28 እንመዝናታለን፤ ከአርባ ሁለት በታች ከሆነች ሆስፒታል ትተኛለች፣ ምግብም በሆዷ በቱቦ ይገባላታል» ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ሆስፒታል ከገባች ወደዚህ ቤት የምትመለስ አይመስለኝም።

አንቺ እዚያ ይህንኑ የመርሳት በሽታ ትመራመሪያለሽ። መድኃኒቱን አግኝታችሁ ከሆነ ላኪልኝ። ካላገኛችሁም እባካችሁ ፈጠን በሉ።

ደግሞስ የምትመጪው መቼ ነው? ስድስት ዓመት ሆነ እኮ።

ጋሼሽ


መስከረም 27

ለምወድዎና ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እትዬስ እንዴት ናት? ያቺን ግንባሯን በእኔ ስም ይሳሙልኝ። ደብዳቤዎ በር ላይ ደረሰኝና ኮቴን ሳላወልቅ አነበብኩት።

አንድ እውነት ልንገርዎ። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። ሥራዬን አሳምሬ ነግሬዎት ከነበረ ይቅር ይበሉኝ። ተመራማሪዋ አለቃዬ ናት፤ እኔ ተቀምጬ የማይ ሰው ነኝ። መድኃኒት የሚፈልጉት ሌሎች ናቸው። የእኛ ቡድን የሚያጠናው በሽታው ጠንቶባቸው መናገር ያቃታቸውን ሰዎች እንዴት እንንከባከባቸው የሚለውን ነው። ሰባት አረጋውያን የሚመገቡበት ክፍል ጥግ ላይ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አለችኝ። ጉልበቴ ላይ ሰሌዳ፣ ከፊቴ የግድግዳ ሰዓት። በየአምስት ደቂቃው አንዲት ሴትዮ አያለሁ፤ ድሮ መምህርት ነበረች። ዓይኗ ክፍት ነው? እጇ ምን ይዟል? ድምፅ አሰማች? ማን አነጋገራት? ምልክት አደርጋለሁ። እንዲህ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

አለቃዬ የመጀመሪያው ቀን ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ነው። «እምቢ አለች» ብዬ ከመጻፌ በፊት፣ እሷ እምቢ ከማለቷ በፊት ባለችው አንዲት ደቂቃ እኛ ምን እንዳደረግን እንድጽፍ። ለዚህ ለብቻው ዓምድ አለው። መምህርቷ ሁልጊዜ ቁርስ ላይ የምትራገጥ ይመስለን ነበር፤ ዓምዱን ሳየው ለካ ከኋላዋ መጥተው ወንበሯን የገፉ ቀን ብቻ ነው። ከፊት ሲመጡ አትራገጥም።

ስለ ቱቦው አለቃዬን ጠየቅኋት። በሽታው እዚህ ደረጃ ለደረሰ ሰው ቱቦ ዕድሜ ሲጨምር በጥናት አልታየም፤ በትዕግሥት በእጅ ማብላት ይመረጣል ትላለች። ይህን ለሐኪሙ ያሳዩት። እሱ እንደሚያውቀው እርግጠኛ ነኝ፤ ምናልባት የሚያበላት ሰው አቅም አነሰ ብሎ ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ሠንጠረዥ ልኬልዎታለሁ። ምግብ ሲያበሏት ማን እንደነበረ፣ ስንት ማንኪያ እንደበላች፣ ምን እንዳለች፣ ፊቷና እጇ ምን እንዳደረገ፣ «ከዚያ በፊት እኛ ምን እንዳደረግን» ይሙሉልኝ። የሚያዩትን ብቻ እንጂ የመሰልዎትን አይጻፉ።

ባለፈው ዓመት የላክሁልዎ የመስሚያ መሣሪያስ? ይጠቀሙበታል?

ልጅዎ፣ አይጧ


ኅዳር 2

ለአይጧ፣

ሰላምታዬ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ይድረስሽ። አክስትሽ አጠገቤ ፀሐይ እየሞቀች ነው፤ ስለዚህ ሰላምታው የሁለታችንም ነው።

ሠንጠረዥሽ ሲደርሰኝ ተናደድኩ፤ አልዋሽሽም። «ሚስቴ ቆጣሪ አይደለችም!» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ግን ታውቂኝ የለ? ያልተሞላ ሠንጠረዥ ቤቴ ውስጥ እያለ ምግብ አይወርድልኝም። በማግሥቱ አወጣሁትና እርሳስ ቀረጽኩ። የመሰለኝን እንዳልጽፍ ማስጠንቀቅሽ ደግሞ አስቆኛል። ስንት ባለቤት «ዘንድሮ ብዙ ውሃ አልተጠቀምኩም፣ ቀንስልኝ» እያለ እየለመነኝ ያየሁትን ብቻ ጽፌ የኖርኩ ሰው ነኝ።

አጣቢዋ ማክሰኞና ዓርብ መምጣቷን አልተወችም። አፏ አይዘጋም። ልብስ ስታጥብ ታወራለች፣ ስታሰጣ ታወራለች፣ አክስትሽን ሳበላ እፊታችን ቁጭ ብላ ታወራለች። ሬዲዮኗ ብያታለሁ። እኔ ስለማልሰማት ተስማምተን እንኖራለን።

የሞላሁትን ሠላሳ ገጽ አብሬ ልኬዋለሁ፤ ከፊሉን እዚህ ልገልብጥልሽ፦

ሰኞ ምሳ፣ ሾርባ። ማን ነበር፦ ማንም (እኔ ብቻ)። ሰባት ማንኪያ። ቅንድቧን ወደ ላይ አንስታ «ጨርሰዋል» አለች። ከዚያ በፊት፦ ምንም አላደረግንም፣ ዝም ብዬ አበላኋት። ከዚያ በኋላ፦ ደረቷ ላይ ያለውን ፎጣ ጫፉን በቀኝ እጇ ይዛ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። አፏን ዘጋች።

ማክሰኞ ምሳ፣ ድንችና እንቁላል። ማን ነበር፦ አጣቢዋ። ሠላሳ አንድ ማንኪያ። ምንም አላለች። ከዚያ በፊት፦ አጣቢዋ ስለ ወንድሟ ሚስት ታወራ ነበር (እንደ ልማዷ)።

ረቡዕ ምሳ፣ ሾርባ። ማን ነበር፦ ማንም (እኔ ብቻ)። አምስት ማንኪያ። ቅንድብ፣ «ጨርሰዋል»፣ ፎጣውን ሳብ። ከዚያ በፊት፦ ምንም። ዝም።

እንግዲህ ድንችና እንቁላል የምትወድ መስሎኝ ሐሙስ ድንችና እንቁላል ሠራሁ። ስድስት ማንኪያ። ምን ይሻለኛል?

ሐኪሙ ያልሽውን አነበበ። ራሱን ነቀነቀና «በእጅ ማብላት ከተቻለማ እኔም እሱን ነው የምመርጠው፤ ግን እየቀነሰች ነው» ብሎ ጻፈልኝ። አርባ ሦስት ናት።

መቼ እንደምትመጪ አልጻፍሽልኝም።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 8

ለአይጧ፣

ደህንነትሽን እየተመኘሁ ይህችን አጭር ወረቀት ጻፍኩ። ያኛው ደብዳቤ ጠፍቶ ከሆነ የሠንጠረዡ ቅጂ አለኝ፤ ያለ ቅጂ ኖሬ አላውቅም። ተቀይመሽኝም ከሆነ ተቀየሚኝ፣ ግን ጻፊልኝ።

አጣቢዋ ታማ ሁለት ሳምንት ቀረች። ዓርብ ምሳ አራት ማንኪያ። ማክሰኞ አምስት። አሁን አርባ ሁለት ከሁለት መቶ ግራም ነች።

ልጄ፣ ለሐኪሙ የቱቦውን ፈቃድ ልፈርምለት ይሆን? እስክሪብቶውን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሳልፈርም ቀርቼ ደግሞ ባጣትስ? በራሴ እጅ በረሃብ ገደልኳት ማለት አይደል? ይህን ካንቺ ሌላ የምጽፍለት ሰው የለኝም።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 20

ጋሼዬ፣

እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅዎ። ሰላምታውን ከይቅርታው በኋላ ይቀበሉኝ።

መምህርቷ ኅዳር መጨረሻ ላይ አረፈች። የመጨረሻዋን ገጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሠንጠረዥ የሚባል ነገር ማየት አስጠላኝ። የእርስዎ ፖስታ ወፍራም ነበር፤ ውስጡ ምን እንዳለ አውቄ ሳልከፍተው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳምንት አስቀመጥኩት። አጭሩ ደብዳቤዎ ትናንት መጣና ሁለቱንም አንድ ላይ ከፈትኩ። ጊዜ እንዳባከንኩብዎ አውቃለሁ፤ በዚህ ራሴን እወቅሳለሁ።

ጋሼ፣ እየጮኹ ያንብቡልኝ፦ ጥያቄ ነው!

«ጨርሰዋል» ስለ ራሷ አይደለም። እርስዎን እየጠየቀችዎት ነው። እኔን አይጧ ያሰኘኝን ያንን የስልክ ማዞሪያ ክፍል ያስታውሱ የለ? ከትምህርት ቤት መጥቼ በማዞሪያው ሰሌዳ ሥር፣ እትዬ ጫማዋን አውልቃ እግሯን በምታሳርፍበት ቦታ እቀመጥ ነበር። ከላይ የምሰማው የእሷን ድምፅ ነው። ሁለት ሰዎች እያወሩ ድንገት መስመሩ ላይ ዝምታ ሲሆን ትገባና «ጨርሰዋል?» ትላለች። የሚመልስ ካለ ትተዋቸዋለች። የሚመልስ ከሌለ መስመራቸውን ያገናኘችበትን ገመድ ሳብ አድርጋ ትነቅለዋለች። ፎጣውን እንዴት እንደምትስበው እርስዎ ራስዎ ጽፈውልኛል እኮ! ቅንድቧንም ጽፈውልኛል። በየገጹ ጽፈውልኛል።

እርስዎ በዝምታ ነው የሚያበሏት። መስመሩ ዝም ሲል ትጠይቃለች። የሚመልስላት ስታጣ ትነቅላለች። ማክሰኞና ዓርብ ግን መስመሩ ሥራ ላይ ነው፤ አጣቢዋ እያወራች ማን ይነቅላል? አጣቢዋ በታመመችበት ሁለት ሳምንት ምን እንደሆነ ይዩት።

ሠላሳውን ገጽ ለአለቃዬ ዘርግቼ አሳየኋት። በእኛ ቋንቋ «ጨርሰዋል» ጥያቄም መልስም እንደሆነ፣ የሚለየው ድምፁ ጫፉ ላይ ከፍ በማለቱ ብቻ እንደሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ አስረዳኋት። «ስንቱን ጥያቄ መልስ ነው ብለን ጽፈን ይሆን?» አለች። ከዚያ የመምህርቷን ገጾች ከመጀመሪያው እንድናያቸው አወጣቻቸው። አብረን እያየናቸው ነው።

አሁን ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ሲያበሏት ያውሯት። ስለፈለጉት ነገር ያውሯት፣ ስለ ቆጣሪም ቢሆን። «ጨርሰዋል?» ስትል ደግሞ ይመልሱላት። ይህ በሽታውን አያድነውም፤ ተስፋ እየሸጥኩልዎ አይደለም። ግን ምግቡን እምቢ ያለች አይመስለኝም።

አንድ ሌላ ነገር። ከሠላሳው ገጽ አሥራ ዘጠኙ ላይ «ማን ነበር» የሚለው ጋ «ማንም (እኔ ብቻ)» ብለው ጽፈዋል።  ጋሼ፣ እርስዎ «ማንም» ተብለው የሚጻፉ ሰው አይደሉም።

መቼ እንደምመጣ ለጠየቁኝ መልስ ሳልሰጥ የቀረሁት ሥራ ስለበዛብኝ አይደለም። እትዬ አታውቀኝም ብዬ ፈርቼ ነው። የሰው እናት ሁለት ዓመት ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ያሳደገችኝን የራሴን ለማየት ግን አቃተኝ።

አይጧ


ጥር 6

ለአይጧ፣ ለልጃችን፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። አክስትሽ አንዴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ እንዲህ አፍጥጠን ዋልን።

አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። እኔና አክስትሽ እንዴት እንደተጋባን «በሥራ ምክንያት ተዋወቅን» ብለን ነበር የነገርንሽ። ልጅ ስለነበርሽ ነው። ወጣት ሆኜ አንዲት ትንሽ ከተማ መደቡኝ፤ ወር በገባ ቁጥር የቆጣሪዎቹን ንባብ ለዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ ማስተላለፍ ነበረብኝ። የዚያ ሒሳብ ሹም ቁጥሩን ተቀብሎ ሳይሰናበት ጆሮዬ ላይ የሚዘጋ ቁጡ ሰው ነበር። ያኔ የኦፕሬተሯ ድምፅ ይገባል። «ጨርሰዋል?» እኔ ደግሞ ባዶ መስመር ይዤ «አልጨረስንም» እላለሁ። ትጠብቅና ትመለሳለች። «ጨርሰዋል?» «አልጨረስንም እመቤቴ።» አራተኛው ወር ላይ «ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት ግን?» አለችኝ። ማንም እንደሌለ ስታውቀው ኖራለች። «ካንቺ ጋር» አልኳት። በዓመቱ ተጋባን።

እንግዲህ ያገባኋት በዚያች ቃል ነው። ያቺኑ ቃል ስንት ወር በየምሳው አፍንጫዬ ሥር ስትለኝ፣ እኔ ሹመት መሰላት ብዬ ሳህን አነሳሁባት። ከዚህ የባሰ ደንቆሮ አለ?

የመስሚያ መሣሪያውን ነገር ከአምና ጀምሮ ሦስቴ ጠየቅሽኝ፣ ሦስቴም ዘለልኩት። መሳቢያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቀን እንደ ፌንጣ ሲጮህብኝ ጊዜ ነቅዬ ጣልኩት። እሷ ከማትናገር ምን ልሰማበት ነው ብዬ ነበር። እኔ የማያት በከንፈሯ ነው፤ ከንፈር ላይ ደግሞ ጥያቄ ምልክት የለም። ዛሬ ሞከርኩት፣ ባትሪው ሞቷል። እዚህ ያለው ሱቅ የዚያን ዓይነት አያውቀውም። ከቻልሽ ባትሪውን ላኪልኝ፤ መድኃኒቱን ትቼዋለሁ።

ያልሽኝን ግን ባትሪ ሳልጠብቅ ጀምሬዋለሁ። መጀመሪያ ምን እንደማወራ ጠፋኝ። ከዚያ ከድሮው ጎዳና ጫፍ ተነስቼ በየቤቱ ቆጣሪው የት እንደነበረ መንገር ጀመርኩ፤ ዳቦ ቤቱ፣ ከበሩ ኋላ፤ ልብስ ሰፊዋ፣ ከደረጃው ሥር፤ ውሻ ያለበት ግቢ፣ ውሻው እግር ሥር። አጣቢዋ ድና መጥታ ነበርና ሰማችኝ። «ጋሼ፣ ስለ ቆጣሪ እንዲህ ተወርቶ አያውቅም፣ እኔን እንኳ አስናቁኝ» ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ። መጻፍ እንደምትችል አላውቅም ነበር።

ትንፋሽ ልወስድ ዝም ስል ቅንድቧን አነሳች። ከንፈሯ «ጨርሰዋል» አለ። እጇ ወደ ፎጣው ሄደ። «አልጨረስንም» አልኳት።

እጇ ፎጣው ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ከንፈሯ ሌላ አንድ ነገር አለ፣ አጭር ቃል ነው፤ አላወቅሁትም። ከዚያም አፏን ከፈተች። ሃያ ስምንት ማንኪያ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነው። በመለስኩላት ቁጥር ያቺን አጭር ቃል ትልና አፏን ትከፍታለች። ምን እንደምትል አጣቢዋን ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። በራሴ ጆሮ ልስማው።

መምህርቷን ነፍስ ይማር። ሰው እስከ መጨረሻው ዓይኑን ሳይነቅል ካየው ብቻውን አልሞተም። በፍርሃትሽም አልታዘብሽም፤ እኔም መሳቢያ አለኝ።

ጋሼሽ


ጥር 17

ጋሼዬ፣ የዋህ አታላይ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ባዶ መስመር ይዘው አክስቴን እንዳገቡ ለሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ ነግሬያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። አለቃዬ በሠንጠረዡ ላይ አዲስ ዓምድ ጨምራለች፤ «በሽታው ሳይመጣ ሥራዋ ምን ነበር? በሥራዋ ላይ ዘወትር የምትለው ቃልስ?» የሚል። ከእኔ በላይ ደስ ያለው ሰው የለም።

ሁለት እሽግ ባትሪ ልኬያለሁ። ጠፍጣፋው ገጽ ወደ ላይ ነው፣ ላዩ ላይ ያለውን ተለጣፊ ማንሳት አይርሱ። ቢጮህብዎ ወደ ውስጥ ጠበቅ ያድርጉት እንጂ እንዳይጥሉት።

አጭሩ ቃል ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኛል። በሰሌዳው ሥር ሆኜ በቀን መቶ ጊዜ ስሰማው ነው ያደግሁት። ግን እኔም አልነግርዎትም።

ቲኬት ቆርጫለሁ። መጋቢት 4 እገባለሁ። ብታውቀኝ ባታውቀኝ፣ እመጣለሁ። ስደርስ ምን እንደምላት ይምከሩኝ።

አይጧ


የካቲት 3

ለአይጧ፣

መንገድሽን የቀና ያድርገው። አልጋሽን አጣቢዋ ከአሁኑ አንጥፋዋለች፤ ስለ አልጋውም ለአንድ ሰዓት አውርታበታለች።

መጀመሪያ የሚያጓጓሽን ልንገርሽ። ጥር 28 ሚዛን ላይ ወጣች። ሐኪሙ መርፌው እስኪቆም ጠበቀ፤ እኔ ደግሞ ከእሱ ቀድሜ አነበብኩት፣ ሙያዬ ነው። አርባ አራት ከሦስት መቶ ግራም! ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን አንስቶ ለረጅም ጊዜ ጻፈ፣ ያ ሁሉ ጽሑፍ ተገልብጦ ሲታይ ግን ሁለት መስመር ነው፦ «ቱቦው ይቅር። ቤታችሁ ምን አግኝታችሁ ነው?» ያንቺን ደብዳቤ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ያንን የድሮ ወረቀቱን ደግሞ መለስኩለት።

የሚሆነውን አውቃለሁ። ሐኪሙም አልደበቀኝም፤ በሽታው የያዘውን መንገድ አይተውም፣ አንድ ቀን በእውነት ትጨርሳለች። ያኔ እንዳላስቸግራት ቃል ገብቻለሁ። ግን ያ ቀን ዛሬ አይደለም።

ስትመጪ ምን እንደምትያት ጠየቅሽኝ። «ታውቂኛለሽ?» ብለሽ አትጠይቂያት፤ መልስ ያጣች ሰው መልስ አይጠየቅም። ዝም ብለሽ እግሯ አጠገብ እንደ ድሮው ቁጭ በይና አውሪ። የቀረውን እሷ ታውቅበታለች።

ባትሪው ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ተለጣፊውን አንስቼ፣ ጠበቅ አድርጌ ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩት። መጀመሪያ የሰማሁት የግድግዳ ሰዓቱን ነው፤ ድምፅ እንዳለው ረስቼው ኖሯል። ቀጥሎ የገዛ ጫማዬን። ከዚያ አጃዋን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከዳቦ ቤቱ ጀምሬ እስከ ልብስ ሰፊዋ ደረስኩ። እዚያ ላይ ሆን ብዬ ዝም አልኩ። ተንኮል መሆኑን አውቃለሁ።

«ጨርሰዋል?» አለች።

ጫፉ ላይ ከፍ አለ፣ ልክ እንዳልሽው። አይጧ፣ ሁሉ ነገሯ አርጅቷል፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው። ያ በዚያች ትንሽ ከተማ፣ በዚያ ጠባብ የስልክ ክፍል የሰማሁት ድምፅ ነው። ማንኪያውን ይዤ እሱኑ ሳዳምጥ መልሴ ዘገየ። እጇ ወደ ፎጣው ሄደ፣ ጫፉን ያዘ። እንደምንም ብዬ «አልጨረስንም እመቤቴ፣ እባክዎ አይቁረጡብን» አልኳት።

ፎጣውን ለቀቀችው። ያቺን አጭር ቃል አለች፤ ዛሬ ሰማኋት።

«ይቀጥሉ» አለችኝ።

ጋሼሽ